እግር የሚያክም ፈልጉልን

ዓይን የሚያክም ሐኪም አለን። ጥርስ የሚያክም አለን። ልብ፣ ኩላሊት፣ ቆዳ የሚያክምም ቁጥሩ ይነስ እንጂ አለን። እግር የሚያክምስ? ይህን ጥያቄ ባለፈው ሰሞን ለጓደኞቻችን ብንወረውረው ግማሹ ሳቀ፤ ግማሹ «ወጌሻ ነው የምትሉት?» አለን። ወጌሻውን አልናቅንም። የምንለው ግን ሌላ ነው።

በሌላው ዓለም ፖዲያትሪ የሚባል ሙያ አለ። ከቁርጭምጭሚት በታች ያለውን አካል ይዞ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት፣ ጥፍሩን፣ ቆዳውን፣ አጥንቱን፣ ነርቩን፣ አረማመዱን፣ የሚጫማውን ጫማ ሳይቀር የሚያጠኑበት ትምህርት ነው። እንግሊዝ አገር በሦስት ዓመት ዲግሪ ይሰጣል። በአህጉራችን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲ ያስተምረዋል። የእኛዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ስም አያስመርቁም። «ይህስ የጠገበ አገር ቅንጦት ነው» የምትሉ አንባቢያን ትኖራላችሁ። እስቲ ቅንጦት መሆን አለመሆኑን ጉና ተራራ ሥር ወርደን እንየው።

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫ አድርጎ ወልዲያ የሚዘልቀውን ቻይናዎች የሠሩትን መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። መኪና የሚያዩት መንገዱ ዳር ያሉት ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የእግር አገር ነው። ገበያው በእግር፣ ወፍጮው በእግር፣ ፍርድ ቤቱ በእግር፣ ታቦቱም በእግር። ስማዳ ቁልቁል ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ ደግሞ መውጣትና መውረዱ ቀኑን ይበላዋል። የአብነት ተማሪው ድጓ ለማስመስከር ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ዙር አምባ የሚደርሰው ከየትና ከየት በእግሩ ተጉዞ ነው። ጋይንት ለዘመናት የሊቃውንት አገር የሆነው በእነዚያ በተሰነጣጠቁ ተረከዞች ጭምር ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ጫማ ደግሞ በዚያ አገር የክት ነው። በዱላ ጫፍ አንጠልጥሎ እስከ ከተማው መግቢያ ተሸክሞት የሚመጣ፣ ከዚያ እግሩን ታጥቦ የሚጫማው ሰው በልጅነታችን ብርቅ አልነበረም። ዛሬ ኮንጎ ጫማና በረባሶ የማይደርስበት ቀበሌ የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ኮንጎ ለገበያ ነው፤ እርሻው፣ አረሙና ውሃ መቅዳቱ አሁንም በባዶ እግር የሚሠራበት ቤት ብዙ ነው።

(በነገራችን ላይ፣ አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉን የማያወራ ኢትዮጵያዊ የለም። በ1964 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ነው የደገመው። ሁለተኛውን ማንም አያነሳውም።)

ታዲያ በባዶ እግር መሄድ ምን ያመጣል? ዝሆኔ ያመጣል። ስሙን ስንሰማ የምንሸማቀቀው እግር ዝሆኔ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በቆላ አካባቢ በወባ ትንኝ አይነት ነካሽ የሚተላለፍ ትል የሚያመጣው ነው። ሁለተኛውና በደጋው ሕዝብ ዘንድ የሚታየው ግን ትልም፣ ትንኝም፣ ተዋህስም የለበትም። መነሻው አፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ ሸክላማ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ ዘልቀው የሊምፍ ቧንቧዎችን ያውካሉ፤ ከዓመታት በኋላ እግር ያብጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲያጠናው ኖሮ ከግሪክኛ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ ቃላት ስም አወጣለት፤ ፖዶኮኒዮሲስ። ጉና ራሱ የጠፋ እሳተ ገሞራ መሆኑን ከጂኦግራፊ ትምህርታችሁ ካላስታወሳችሁ አሁን አስታውሱ።

ያው አፈር ላይ ያው ባዶ እግር እየረገጠ አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፈው ለምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ነው በየመንደሩ «መርገም ነው፣ ድግምት ነው፣ የዘር ነው» ሲያሰኝ የኖረው። ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት መልሱን ሰጥተውታል። በበሽታው የመያዝ ተጋላጭነት ከሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ዘረመሎች ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ በቤተሰብ ውስጥ መደጋገሙ እውነት ነው፤ መርገም ማለቱ ግን ሐሰት ነው። ተጋላጭ ሆኖ የተወለደ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ከተጫማ እግሩን ከበሽታው ያድናል። ይህን ቀላል ነገር ግን ለሙሽራው ወላጆች የሚነግርልን ስለሌለ እኅቷ እግሯን ስላመማት ብቻ ሳትታጭ የምትቀር ልጅ አለች።

ቁጥሩን ደግሞ ስሙት። በ2013 እ.ኤ.አ. ዶክተር ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቹ ያካሄዱት አገር አቀፍ ዳሰሳ በ1,315 ማኅበረሰቦች ወደ 130 ሺህ የሚጠጋ ሰው መርምሮ 345 ወረዳዎችን የበሽታው መገኛ ብሎ ለየ። ከተመረመሩት አዋቂዎች በአማራ ክልል 3.9 በመቶው ታማሚ ነበር። በአገር ደረጃ ግምቱ 1.5 ሚሊዮን አዋቂ ነው። ወላይታ ላይ ቀደም ብሎ የተሠራ ጥናት ደግሞ ሕመምተኛው በዓመት ከሥራ ቀኑ 45 በመቶውን እንደሚያጣ፣ ዞኑም በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚከስር አሳይቷል። ገበሬ ነው እኮ! የገበሬ መሣሪያው እግሩ ነው።

እዚህ ላይ ነው እግር የሚያክም የምንፈልገው። ሕክምናው ምን እንደሆነ ስታውቁ ደግሞ ትበሳጫላችሁ። ሳፋ፣ ውሃ፣ ሳሙና፣ በልኩ የተቀጠነ በረኪና፣ ቫዝሊን፣ የቆዳ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ነው። እግርን በየቀኑ ማጠብ፣ መዘፍዘፍ፣ በጣቶች መካከል ማድረቅ፣ መቀባት፣ ማሰር፣ ሲቀመጡ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ማንቀሳቀስ። በቃ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍሎ ለአንድ ዓመት የተከታተለና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህ እንክብካቤ ወዲያውኑ የተሰጣቸው ሰዎች እግር የሚያተኩስበትና ብርክ የሚያስይዝበት ጊዜ በዓመት በአማካይ 19.4፣ ወዲያውኑ ባልተሰጣቸው ዘንድ ግን 23.9 እንደነበር አሳይቷል። ተአምር አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ መተኛትም ብዙ ነው። ግን በሳሙናና በፋሻ የተገኘ ነው። እዚያው ክልላችን ውስጥ አዊ ዞን፣ ጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ላይ ደግሞ የዝሆኔን፣ የሥጋ ደዌንና የመሰል በሽታዎችን የእግር እንክብካቤ ከአእምሮ ጤናና ከመገለል ጋር አዋህዶ በተራ ጤና ጣቢያ መስጠት እንደሚቻል ተሞክሯል።

አዊ ላይ ከተቻለ እስቴ ላይ የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም። የጎደለው ሰው ነው። ሰው ስንል ደግሞ የሚገርመው ነገር ይመጣል።

ሰው ሞልቶናል! ከጤና ሳይንስ ኮሌጅ ወጥቶ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፎ፣ የብቃት ምዘናውን አልፎ ቤቱ የተቀመጠው ነርስ፣ ጤና መኮንንና ፊዚዮቴራፒስት ስንት ነው? በየከተማው ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ «ልምድ፦ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ» የሚለውን እያነበበ የሚመለሰውን ልጅ እኛም እናውቀዋለን። የጋዜጠኝነት ምሩቃን ነንና ከጎኑ ቆመን አንብበናል። ሥራ ያገኘውም ቢሆን በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄያቸውን ይዘው ሥራ እስከማቆም እንደደረሱ የምናስታውሰው ነው። በአንድ በኩል እግሩን የሚያጥብለት ያጣ ገበሬ፣ በሌላ በኩል እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ነርስ። በመካከላቸው ያለው አንድ ወረቀት ነው፤ «የሥራ መደብ» የሚባል።

«መደቡ በመዋቅሩ የለም» ይሉናል። ለመሆኑ መዋቅሩ ከሰማይ የወረደ ነው እንዴ? እስቲ ወደ ጎንደር ዞር እንበል። በ1953 እ.ኤ.አ. ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ሕዝብ ፈጀ። በዓመቱ፣ ማለትም በ1954 እ.ኤ.አ. (በእኛ 1947 ዓ.ም.) የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተና ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን ማሠልጠን ጀመረ። ጤና መኮንን የሚባል ሰው ያን ጊዜ በመዋቅር ውስጥ የት ነበር? የትም። አገሪቱ ሐኪም እስኪበዛላት መጠበቅ ስለማትችል የፈጠረችው ሙያ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛን ፈጠርን፤ ከሠላሳ ሺህ በላይ ወጣት ሴቶች በየቀበሌው ተመደቡ። ይህም ቀድሞ በመዋቅር አልነበረም። ሁለት ጊዜ የፈጠረ አገር ሦስተኛውን ቢፈጥር ምን ይለዋል?

ግን እኛ ጣታችንን ወደ ጤና ሚኒስቴር ብቻ ቀስረን ለመቀመጥ አልተነሳንም። ጉዳያችን ምሩቁም ጭምር ነው። እኛ ትውልድ አንድ ዲግሪ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ደመወዝ የሚለውን ስሌት ከወላጆቻችን ወርሰነዋል። ወላጆቻችን አይፈረድባቸውም፤ በእነሱ ዘመን ስሌቱ ይሠራ ነበር። ዛሬ አይሠራም። የእግር ሙያ ደግሞ፣ ቀረብ ብላችሁ ብታዩት፣ አንድ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ አይደለም። በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ የሚያዝ ሥራ ነው።

ከዝሆኔ ሌላ ስኳር አለ። የስኳር ሕመም ነርቭን ያደነዝዛል፤ ሰውዬው ሚስማር ሲወጋው አይሰማውም፤ ቁስሉ ሲሸት ነው የሚያውቀው፤ ከዚያ እግሩ ይቆረጣል። በየክትትሉ ጫማ አስወልቆ እግር የሚያይ ባለሙያ ቢኖር ከሚቆረጠው እግር ብዙው ይተርፍ ነበር። ጎንደር ሆስፒታል የስኳር ክትትልን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ አውርዶ በነርሶች እጅ እንዲሆን በማድረግ ቀደምት ነው፤ ይህን መንገድ የእግር ምርመራም ሊሄድበት ይችላል። ሥጋ ደዌ አለ፤ መድኃኒቱ ተዋህሱን ከገደለ በኋላም የደነዘዘው እግር ዕድሜ ልክ ጠባቂ ይፈልጋል። የአለርት ሆስፒታል፣ የደሴው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም የዘመናት ልምድ ያካበቱበት ሥራ ነው። ቆልማማ እግር ይዞ የሚወለድ ሕፃን አለ፤ በጊዜ ከተያዘ በጄሶና በልዩ ጫማ ያለ ትልቅ ቀዶ ጥገና የሚቃና ነው። ፊዚዮቴራፒ የተማረ ልጅ እዚህ ቦታ አለው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ያስተምራል፤ ጎንደርም ባሕር ዳርም የአካል ተሐድሶ ማዕከል አላቸው።

ከሕክምናው ወጣ እንበል። ያበጠ እግር ገበያ ላይ የሚበቃው ጫማ አያገኝም። ወላይታ ሶዶ ላይ ሚስዮናዊው ሐኪም ናታን ባርሎ የጀመሩት የዝሆኔ ሕክምና ማኅበር ሕመምተኞችንና ልጆቻቸውን ጫማ መስፋት አሠልጥኖ ልዩ ጫማ በዚያው እንዲመረት አድርጓል። መታከምን ከመተዳደሪያ ጋር ያገናኘ ሥራ ነው። ነፋስ መውጫ ላይ ጫማ ሰፊ አለ፣ ቆዳ አለ፣ ሥራ ፈት ወጣት አለ። የሰፊውን እጅና የነርሱን ዓይን አንድ የሚያደርግ ሰው ብቻ ነው የቀረው። ያ ሰው ነጋዴም ቢሆን አንጠላውም። ነጻ ጫማ ከፈረንጅ እየመጣ ሲታደል አይተናል፤ ደግ ሥራ ነው፤ ጫማው ሲያልቅ ግን ሌላ መግዣ ቦታ ካልተፈጠረ እግሩ ወደ አፈሩ ይመለሳል።

ከዚያ ምርምር አለ። ከላይ ስማቸውን ያነሳናቸው ሁለት ኢትዮጵያውያን በዓለም ታላላቅ የሳይንስ መጽሔቶች ላይ የወጡት ማንም ዞር ብሎ ያላየውን እግር ስላዩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ ፖዶኮኒዮሲስን ከተዘነጉ የቆላ በሽታዎች ጎን ያነሳው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። መስኩ ገና ለጋ ነው፤ በሕዝብ ጤና ማስተርሱን ለሚሠራ ልጅ ስማዳና ታች ጋይንት ያልተጻፈ መጽሐፍ ናቸው። ሶሺዮሎጂ ለተማረው መገለሉ፣ ምጣኔ ሀብት ለተማረው የጠፋው የሥራ ቀን፣ ለእኛ ለጋዜጠኞች ደግሞ «መርገም አይደለም» የሚለው ዜና አለ። ይኸው እኛም በድርሻችን እየጻፍን ነው!

ከተማ ውስጥ ያለውን እንቅስቃሴም አንርሳ። ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ላይ ጥፍር የሚቆርጡና ተረከዝ የሚፍቁ የውበት ሳሎኖች ደንበኛ ሞልቷቸዋል። ስኳር ያለባት እናት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ በምላጭ ስትፋቅ ያየ ሰው ይደነግጣል። አንዲት የሠለጠነች ነርስ ቅዳሜና እሑድ የግል የእግር ክፍል ብትከፍት ገንዘቡ ከከተማ ይመጣል፤ በሳምንቱ መካከል ደግሞ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ሯጩ፣ ኳስ ተጫዋቹ፣ ቀኑን ሙሉ በፋብሪካ ቡትስ የሚቆመው ሁሉ እግር አለው።

እንግዲህ ቀላል አስመስለን እንዳናወራ። ጤና ጣቢያው «በየቀኑ ታጠቡ» ይላል፤ ውሃው ግን በሃያ ሊትር ጀሪካን በሴት ጀርባ ነው የሚመጣው። እግሯ ያበጠባት ሴት የራሷን መታጠቢያ ውሃ በዚያው በታመመ እግሯ ወርዳ እንድትቀዳ ማዘዝ ምን ዓይነት ትእዛዝ ነው? ስማዳና ጋይንት ለዓመታት በሴፍቲኔት ከሚረዱ ወረዳዎች መካከል ናቸው፤ እህል መግዣ ያጣ ቤት ሳሙና ይገዛል ብሎ ማሰብም የዋህነት ነው። የእግር ባለሙያው ስለ ውሃና ስለ ሳሙና ዋጋ መሟገትን ከሥራው ቆጥሮ ካልወሰደ ሥራው ገና ሲጀመር ይቆማል።

ሰላሙም አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደርሶ ሆስፒታሉ ተዘርፏል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን የገባበት ግጭት ደግሞ መንገዱንም፣ መድኃኒቱንም፣ ባለሙያውንም የፈተነ ነው። «ሂዱና ገጠር ሥሩ» ብለን ከአዲስ አበባ ካፌ ውስጥ መጻፉ ይቀላል። ከመካከላችን ቤተሰቦቿ እዚያው ያሉ ልጅ ይህን ስታነብብ «ማን ነው መጥቶ የሚሠራው?» አለችን። መልሳችን፦ እዚያው ያሉት። ደብረ ታቦርና ነፋስ መውጫ ላይ ተመርቀው የተቀመጡት የአካባቢው ልጆች መንገድ ቢዘጋም ከእናታቸው ጓሮ አይጠፉም። ሥራው ራጅ አይፈልግም፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ሳፋና ሠልጥኖ የመጣ እጅ ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ ለደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አንድ ነገር እንጠይቃለን። ጉና ሥር ነው ያላችሁት። የሕክምናና የጤና ሳይንስ ተማሪዎች አሏችሁ። አራት ዓመት የሚፈጅ አዲስ ዲግሪ እስኪጸድቅ አንጠብቅ፤ ለተመረቁና ሥራ ላላገኙ ነርሶች የስድስት ወር የእግር እንክብካቤ ሠርተፍኬት ክፈቱ። ግማሹን በክፍል፣ ግማሹን በጤና ጣቢያ አድርጉት። የሊምፍ እብጠት አያያዝ አገር አቀፍ መመሪያ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ከባዶ የምትጽፉት የለም። የስኳሩን እግር፣ የሥጋ ደዌውን እግር፣ የሕፃኑን ቆልማማ እግር ጨምሩበት። ከጫማ ሰፊዎች ጋር አንድ ሳምንት አስቀምጧቸው። የክልሉ ጤና ቢሮም ለእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ መደብ መፍቀድ ከከበደው ለሁለትና ሦስት ጤና ጣቢያዎች አንድ ተዘዋዋሪ ባለሙያ ይፍቀድ።

መጀመሪያው የት ይሁን ብላችሁ ከጠየቃችሁን ታች ጋይንት እንላለን። የወረዳው ዋና ከተማ ስሙ አርብ ገበያ ነው። ገበያተኛው ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የሚመጣበት ቦታ ነው፤ በቀጠሮ ተጠርቶ ጤና ጣቢያ የማይመጣው ሰው ጨውና በርበሬ ሊሸጥና ሊገዛ ይመጣል። በገበያው ጥግ አንድ ድንኳን፣ አራት ሳፋ፣ ሁለት በርሜል ውሃ፣ አንድ ካርቶን ሳሙና፣ አንድ ጆንያ ካልሲና ሁለት ነርሶች። አጠገባቸው አንድ ጫማ ሰፊ ልኬት ይወስዳል፤ ጫማውን በሚቀጥለው ገበያ ያስረክባል።